ሞተርህን ስጠኝ፣ ሞተሬን እንካ

ዱቦ ሆስፒታል ውስጥ፣ ኤርካሎ ወንድሜ አልጋ አጠገብ ተንበርክኮ ሲጸልይ እንባው የአንሶላውን ጠርዝ አረጠበው። የሌሎቹ በሽተኞች አስታማሚዎች እያዩት "ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው፤ ለእኛም ይስጠን" አሉ። እኔም ከልቤ አሜን አልኩ። በማግስቱ ያንን አሜን ከጉሮሮዬ ቆፍሬ ባወጣው ደስ ባለኝ።

ስሜ ሰገነት ይባላል። በዳሞት ወይዴ ቀበሌዎች እየዞርኩ ከብት እከትባለሁ፤ የምዞረውም በሞተር ነው። መንዳት ያስተማረኝ ታናሽ ወንድሜ ሻንቆ ነው። ሻንቆ በበዴሳ ከተማ መናኸሪያ በር ላይ ሰው በሞተር እያመላለሰ የሚኖር፣ ሲስቅ ሰፈሩን የሚያስቅ፣ ሞተር ላይ ሲወጣ ግን እንደ ዳኛ የሚኮሳተር ልጅ ነበር። ነበር ያልኩት ሞቶ አይደለም፤ አለ። ግራ እግሩ ግን ከዳሌው ጀምሮ አይታጠፍም፣ ያለ ክራንች ደጃፍ አይሻገርም። ኤርካሎ ደግሞ የልብ ጓደኛው ነበር። ተራ ላይ አብረው ይቆማሉ፣ በቸርች መዝሙር ቡድን ጎን ለጎን ይዘምራሉ፣ ከአንድ ሳህን ይበላሉ።

ነገሩ የጀመረው ከቴሌቪዥን ነው። ሞተረኞቹ እሁድ ከቸርች መልስ ዲሽ ያለበት ቤት ተሰብስበው የዓለም ሱፐርባይክ ሻምፒዮናን ያያሉ። ሌሎች የሞተር ውድድሮችም አሉ፤ እነሱ ላይ የሚሮጠው ለውድድር ብቻ ተብሎ የተሠራ፣ ማንም ሰው ገዝቶ የማይነዳው ሞተር ነው። ሱፐርባይክ ላይ ግን መነሻው ለሰው የሚሸጥ ሞተር ነው። እርግጥ ፈረንጆቹ ብዙ ነገር ያሻሽሉለታል፤ መሠረቱ ግን ሱቅ ውስጥ ቆሞ ገዢ የሚጠብቅ ሞተር ነው። ይቺ ነገር የበዴሳን ሞተረኛ ልቡን ነካችው። "የእኛስ ከየት መጣ? ከሱቅ አይደል እንዴ?" ተባባሉ። በዓመቱ የራሳቸውን ሻምፒዮና አቋቋሙ፤ ስሙንም የሱቅ ሞተር ዋንጫ አሉት። ዋንጫ ይባል እንጂ ሽልማቱ ሰንጋ ነው። ውድድሩ የሚደረገው በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ ዋዜማ ነው፤ ዘመን ሲለወጥ ዋንጫ ቆርጦ የሚበላ ወላይታ ደግሞ የለም።

ዳኛው ሶዶ የሚኖሩት ጋሽ ገብረማርያም ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶ መካኒክ መምህር ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ለቅዳሴ ካልሆነ አያወልቁም። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው፦ ሞተሩ ከሱቅ እንደወጣ ይሁን፣ ፒስተን የቀየረ፣ ካርቡሬተር የነካካ አይገባም። ጥሩ ሕግ ነው። ግን የሁሉንም ሞተር ፈትቶ ለማየት ጊፋታ አልፎ መስቀልም ያልፋል። ስለዚህ ሞተረኞቹ የራሳቸውን መላ ፈጠሩ፤ ቅያሬ ይሉታል። ውድድሩ ሁለት ዙር ነው። ከሁለተኛው ዙር በፊት ማንኛውም ተወዳዳሪ ሌላውን ሕዝብ ፊት "ሞተርህን ስጠኝ፣ ሞተሬን እንካ" ሊለው ይችላል። ሞተሩ ንጹሕ የሆነ ሰው ምን ቸገረው? ይለዋወጣሉ፣ ይሮጣሉ። እምቢ ያለ ግን ነካክቷል ማለት ነው። ይሰረዛል፣ ውድድሩም እዚያው አብቅቶ ሰንጋው የጠያቂው ይሆናል፤ ሞተሩም እዚያው ሕዝብ እያየ ይፈታል።

ሌላም በቃል የሚከበር ደንብ አለ። በሁለቱ ዙሮች መካከል ተወዳዳሪው ሁሉ አንድ ላይ ቁርጥ ይበላል፤ ሞተሮቹ ከሥጋ ቤቱ ጀርባ፣ አጥር ውስጥ ይቆማሉ። ጠባቂ አይደረግላቸውም። ሞተሩን ያስጠበቀ ሰው ጓደኞቹን ሌባ ብሎ እንደ ሰደበ ይቆጠራል።

አምና ሻንቆ የመጀመሪያውን ዙር አሸነፈ። ኤርካሎ እንደ ልማዱ ሁለተኛ ወጣ። በሉ፣ ጠጡ፣ ተመለሱ። መንገዱ ከከብት ገበያው ተነስቶ ዳገቱን ይወጣና ቁልቁል እስከ ድልድዩ ይወርዳል፤ ድልድዩ አፍ ላይ ድንገት ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዞሮ ወደ ገበያው ይመለሳል። ቤታችን ከድልድዩ ማዶ ስለሆነ እኔና እናቴ በራችን ላይ ቆመን ነበር የምናየው። ሻንቆ ሁሉንም አስከትሎ ወረደ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ወንዙ ውስጥ ገባ።

ራሱን ስቶ በሚኒባስ ወንበር ላይ አስተኝተን ዱቦ ስናደርሰው ኤርካሎ አብሮን ነበር። ራሱን እየደበደበ "ያ የፍሬን ሽቦ! ቀይረው እያልኩት!" ይል ነበር። ያን ጊዜ ማን ልብ ይለዋል? በማግስቱ ሞተሩን ከወንዝ ሳስወጣ ነው ቃሉ ጆሮዬ ላይ የጮኸው። ሞተሩ እስከዚያች ሰዓት ውኃ ውስጥ ነው፣ ወንድሜ አልነቃም። ፍሬን ይሁን ጎማ፣ ካቴና ይሁን ድንጋይ ማን አየ? ኤርካሎ ከየት አውቆ ነው ሽቦ ያለው?

የእጅ ፍሬኑን ሽቦ አገላብጬ አየሁት። ክሮቹ አብዛኞቹ እኩል፣ ጥርት ብለው ተቆርጠዋል፤ የተበጣጠሱት ጥቂት ብቻ ናቸው። ያረጀ ሽቦ እንዲህ አይበጠስም፤ ይሄ ፒንሳ ነው። የእግር ፍሬኑን የሚይዘው ዳዶም ቦታው ላይ የለም። ከወንዙ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሳሁና እንባዬን ጠረግሁ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አላለቀስኩም።

ለማን ልናገር? ፒንሳውን በማን እጅ ያየ የለም። ብናገር "ደንግጣ ነው፣ አዝና ነው" ይሉኛል። ኤርካሎም እያለቀሰ፣ ሽማግሌ ፊት፣ ስሙን ስላጠፋሁበት ይቅርታ ያደርግልኛል። የፈራሁት ይሄንን ነው፤ እሱ ለእኔ ይቅርታ ሲያደርግልኝ። ስለዚህ ሽቦውን ጠቅልዬ ክትባት የማመላልስበት ቦርሳ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ለእናቴም ለሻንቆም ትንፍሽ አላልኩም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። የእኛ ቤት የተወጋው ግን ማን እንደወጋው እንኳ አያውቅም። ስለዚህ አለመርሳቱ የእኔ ሥራ ሆነ፤ እንደ ሥራም ያዝኩት።

ሻንቆ ከሆስፒታል ሲወጣ የቤታችንን የፊት ክፍል ቴሌቪዥን ቤት አደረገው። እሁድ እሁድ ሞተረኛው ሁሉ እኛ ቤት መጥቶ ሻምፒዮናውን ያያል፤ ሻንቆ እግሩን አግዳሚ ላይ ዘርግቶ ያብራራል። "አየህ፣ ይሄ ልጅ ፍሬን የሚይዘው ዘግይቶ ነው፤ ልቡ ሙሉ ነው" ይላል። የፊተኛው ወንበር የማን ነው? የኤርካሎ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ ብርቱካን አንጠልጥሎ ይመጣል፣ "ኢሻ፣ እንዴት አደርክ?" ብሎ፣ በወላይትኛ ወንድሜ እያለ፣ ወንድሜን ያቅፋል፣ ክራንቹን ያቀብላል። ወንድሜም ፊቱ ይበራል። እኔ ሻይ አቀርባለሁ። ለኤርካሎ ሳቀርብ ብርጭቆው ውስጥ ብዙ ነገር መጨመር አምሮኛል፤ ስኳር ብቻ ነው የጨመርኩት።

እናቴ ቦሼ የማታየው ነገር የለም። ከኤርካሎ ጋር አፌን ሞልቼ እንደማልነጋገር አየች። ዘንድሮ ጊፋታ ሲቃረብ ማጀት ጠርታ ያዘችኝ።

"ምን አደረገሽ ይሄ ልጅ?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ምንም ካላደረገሽ ለምን ፊት ትነሺዋለሽ? ጊፋታ እየመጣ ነው። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ አይሻገርም፤ አባቶቻችንም እንዲህ ነው ያስተማሩን። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ቸርች ገብተሽ ምን ብለሽ ነው የምትጸልዪው?"

የምጸልየውን ብነግራት ኖሮ ትደነግጥ ነበር። "እታረቃለሁ እማዬ" አልኳት። "ከውድድሩ በኋላ እታረቃለሁ።"

"ውድድሩ ምን አገናኘው?"

"እወዳደራለሁ። በሻንቆ ሞተር።"

የሻንቆን ሞተር ያሠራሁት እኔ ነኝ። አዲስ ሽቦ፣ አዲስ ዳዶ፣ መሪዋም ተቃንቷል። ስመዘገብ ሞተረኞቹ ሳቁ። አንዱ "ላሞቹን ማን ይከትባቸው?" አለ። ሌላው "ሰንጋውን ስታሸንፊ መጀመሪያ ክተቢው" አለ። ኤርካሎ ብቻ አልሳቀም። "ተዉአት፣ እህቴ ናት" አለ። እህቴ! ያቺን ቃል ከሽቦው ጋር ጠቅልዬ አስቀመጥኳት።

ቅዳሜ፣ የጊፋታ ዋዜማ፣ የከብት ገበያው ሜዳ በሰው ሞላ። ከሶዶም፣ ከዱቦም የመጣ አለ። ሻንቆ ወንበር ተደርጎለት ከጋሽ ገብረማርያም ጎን ተቀመጠ። እናቴ ስለምትፈራ ቤት ቀረች።

የመጀመሪያውን ዙር አሸነፍኩ። ጉራ አይደለም። እነሱ አስፋልት ላይ ሰው ሲያመላልሱ እኔ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ፣ የክትባት ሳጥን ጭኜ ቀበሌ ለቀበሌ ስዞር ነው የኖርኩት። ደግሞ ኤርካሎን አንድ ዓመት ሙሉ አጥንቼዋለሁ። ቁልቁለት ላይ ፈሪ ነው፤ ከመታጠፊያው ብዙ ቀድሞ ፍሬን ይይዛል። ዳገቱ ላይ ተከተልኩት፣ ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ እሱ ፍሬን ሲይዝ እኔ ነዳጅ ሰጠሁ። አንደኛ ሆኜ ሜዳው ስመለስ ሰዉ ጮኸ። ሻንቆ ክራንቹን ወደ ሰማይ አንስቶ እንደ ሕፃን ሲጮህ ሰማሁት።

ከሞተሩ ወርጄ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ "ኤርካሎ፣ ሁለተኛ መውጣት እንዴት ነው? ለምደኸዋል አይደል?" አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። ሳቁ ግን ጥርሱ ላይ ቀረ። ወጥመዱ ይሄ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እኔ የማደርገው ነገር የለም። ሞተሬን አጥር ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አቆምኩ፤ ዞሬም ሳላያት ወደ ሥጋ ቤቱ ገባሁ።

ቁርጡ መጣ፣ ዳጣው መጣ። ዳጣው ዓይን የሚያስለቅስ ነበር። ገና ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደበላን ኤርካሎ ሆዱን ይዞ ተነሳ። "ሆዴን አመመኝ፣ መጣሁ" አለ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም፤ ሥጋ ፊት ለፊት ቀርቦ ማን ቀና ይላል? እኔ ግን ጉርሻዬን ሳህኑ ላይ መለስኩ። አምናም እዚሁ ተቀምጦ ሳይሆን አይቀርም፤ ከዚሁ ሳህን ከወንድሜ ጋር እየበላ "መጣሁ" ያለው። ሲመለስ እጁን ታጥቦ ነበር። ሆዱን ያመመው ሰው ቁጭ አለና ከሁላችንም በላይ በላ።

ሁለተኛው ዙር ሲጠራ ቀድሜ አጥሩ ውስጥ ገባሁ። የጫማዬን ክር እንደማስር ጎንበስ ብዬ የፊቱን ፍሬን አየሁ። ሽቦው ተቆርጧል። ሦስት አራት ክር ብቻ ነው የቀረው፤ በቀስታ ሲነዱ ይዞ የሚቆይ፣ ቁልቁለት ላይ ጠበቅ ሲደረግ የሚበጠስ። የኋላውን፣ የእግር ፍሬኑን ዳዶ በጣቴ ነካሁት፤ ጥርሱ ጫፍ ላይ ነው ያለው፣ አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል። ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዓመት ሙሉ "ምናልባት ተሳስቼ ይሆን?" የሚል ትንሽ ድምፅ ውስጤ ነበር። ዝም አለ።

ሞተሬን እየገፋሁ ወጣሁ። ኤርካሎ በራሱ ሞተር ላይ ተቀምጦ ሄልሜቱን ያስራል። ፊቱ ቆምኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ "ኤርካሎ! ሞተርህን ስጠኝ፣ ሞተሬን እንካ!" አልኩት።

ሜዳው ላይ ያለው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ከዚያ ሰዉ ተንጫጫ። ቅያሬ የሚጠይቀው የተሸነፈ ሰው ነው፤ አሸናፊ ጠይቆ አያውቅም።

ኤርካሎ ለመሳቅ ሞከረ። "አንቺ አሸንፈሽ የለ እንዴ? የእኔ ቀርፋፋው ሞተር ምን ያደርግልሻል?"

"አማረኝ" አልኩት።

"ስጣት!" አሉ ከኋላ። "ስጣት እንጂ! ሴት ፈራህ እንዴ?"

ያኔ ሻንቆ ከወንበሩ ሆኖ ተጣራ። "ኢሻ፣ ስጣት! የእኔን ሞተር እኮ ነው የምትነዳው! ናፍቃህ የለ? እሷ ላይ ስትወጣ ቁልቁለቱን እንደ ቅቤ ነው የምትወርደው። ውጣባትና አሳያት!"

ወንድሜ ይሄን ያለው ከልቡ ነው፤ በፍቅር ነው። ኤርካሎ ሻንቆን አየ፣ የተዘረጋውን እግር አየ። ቀጥሎ ወደ ቁልቁለቱ በኩል አየ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። እኔ የሞተሬን መሪ ወደሱ አዙሬ ያዝኩለት፤ ለእንግዳ ወንበር እንደሚሳብ። አንድ ቃል ቢተነፍስ ይድናል፤ "ሽቦው ተቆርጧል" ቢል ይበቃል። ዝም ብሎ ቢወጣባት ደግሞ እኔም ዝም እለው ነበር። እዚያ ቆሜ ይህን ቁርጥ አድርጌ አውቀው ነበር።

የመረጠው ግን ሁለቱንም አይደለም። ኤርካሎ ብልጥ ነው።

"እምቢ" አለ። ከሞተሩ ወረደ፣ ራሱን አቀረቀረ። "አልሰጥም። ሞተሬን ነካክቻለሁ። ፒስተን ቀይሬያለሁ፤ አጥፍቻለሁ።"

ሜዳው በፉጨት ተናጋ። "ሌባ!" አሉት፣ ሳቁበት። ግን የሳቅ ስድብ ነው፤ እስከ ማክሰኞ ገበያ ይረሳል። እሱም ያሰበው ይሄንን ነው። ትንሿን ኃጢአት ተሸክሞ ከትልቋ ሊያመልጥ ነው። ሰንጋው የእኔ ሆነ፣ ጓደኞቼ ሊሸከሙኝ መጡ። እኔ ደግሞ ገፋኋቸው። አንድ ዓመት ጠብቄ፣ በሬ ይዤ ልገባ ነው?

ያዳነኝ የጋሽ ገብረማርያም ግትርነት ነው። ባርኔጣቸውን አስተካክለው ተነሱ። "ሞተሩ ይፈታ" አሉ።

"ለምን ይፈታል ጋሼ? አምኛለሁ እኮ" አለ ኤርካሎ።

"አምነሃል። ሕጉ ግን ይፈታ ነው የሚለው። ፈረንጆቹም ከውድድር በኋላ ይፈትሻሉ፤ በቃል አይተዉም።"

"ይቅር ጋሼ፣ ሰዓቱም መሽቷል..."

"ፀሐዩን እያየኸው? ቁልፍ አምጡ።"

ሸራ ተነጠፈ። ጋሽ ገብረማርያም ኮታቸውን አውልቀው ተንበረከኩ። ሲሊንደሩን ፈቱት፣ ፒስተኑን አወጡት፣ በጨርቅ ጠርገው መነጽራቸው ሥር አስጠግተው አዩት፤ ለኩት፣ ደግመው ለኩት። ካርቡሬተሩንም ፈቱ። ሕዝቡ መጀመሪያ ይቀልድ ነበር፤ እሳቸው ደግመው ሲለኩ ግን እየተጠጋ ያይ ጀመር። ኤርካሎ እጁን አጣምሮ መሬት መሬት ያያል።

በመጨረሻ ሽማግሌው ፒስተኑን መዳፋቸው ላይ እንደያዙ ቀና አሉ። ግራ ገብቷቸዋል።

"ይሄ ሞተር ከሱቅ እንደወጣ ነው" አሉ። "ምንም አልተነካም። ልጄ፣ ያላጠፋኸውን ጥፋት ለምንድነው ያመንከው?"

ሰው ሁሉ ኤርካሎን ማየት ጀመረ። ሞተሩ ንጹሕ ከሆነ ቅያሬውን ለምን እምቢ አለ? ይቺ ጥያቄ ከሰው ወደ ሰው ስትሄድ በዓይኔ አየኋት።

"ጋሼ" አልኩ። "እሱ የፈራው የራሱን ሞተር መስጠት አይደለም። የእኔን መቀበል ነው። የፊቱን ፍሬን ይያዙልኝ።"

መጥተው የፍሬኑን እጀታ ጨበጡ። ጠበቅ ሲያደርጉት ሽቦው ጧ አለና እጀታው ባዶውን ተንጠለጠለ። የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ብርሃን ይዘው አዩት። እኔ ከቦርሳዬ ኪስ የአምናውን ሽቦ አወጣሁ፤ ፈታሁትና ከዘንድሮው ጎን ሸራው ላይ አስቀመጥኩት። ሁለቱም ጫፎች አንድ እጅ የቆረጣቸው ነበሩ። ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

"ይሄኛው የሻንቆ ነው" አልኩ። "ከወንዝ ያወጣሁት።"

ጋሽ ገብረማርያም ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ኤርካሎ ሸራው ላይ፣ በተፈታታው ሞተሩ መካከል ተንበረከከ። ዱቦ እንደተንበረከከው ነው፤ ዘንድሮ ግን እንባው እውነተኛ ነበር። "ይወድቃል ብዬ ነው እንጂ ይሰበራል አላልኩም" አለ። "አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ አንደኛ ልውጣ ብዬ... ሁልጊዜ ሁለተኛ። ሰዉ እንኳ ሲጠራኝ 'የሻንቆ ጓደኛ' ነው የሚለኝ። ኢሻ፣ ይቅር በለኝ። ዘንድሮም ሰይጣን..."

"ሰይጣን ፒንሳ አይይዝም" አልኩት።

ሻንቆ ክራንቹን ተደግፎ ተነሳ፣ እያነከሰ መጣ፣ ሁለቱን ሽቦዎች ከላይ ሆኖ ረዥም ጊዜ አያቸው። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር እስከዛሬ ይረብሸኛል። እግሩ ሲሰበር እንዲህ አላየሁትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ቅያሬ ስትይው ሽቦው መቆረጡን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ቢወጣባትስ ኖሮ?"

"ዝም እል ነበር" አልኩ። ሕዝብ ፊት ነው ያልኩት፤ አላፈርኩም። እናቴ ባለመኖሯ ብቻ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ራሱን ነቀነቀና ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ።

ለበዓሉ የመጡት የአገር ሽማግሌዎች ተጠጉ። ኤርካሎን ለሕግ አሳልፎ መስጠቱ እንደማይቀር፣ ግን ነገ ጊፋታ እንደሆነ፣ ሰውየው ባደባባይ እንዳመነ፣ ያመነ ሰው ደግሞ ሳይታረቁት ዘመን እንደማይሻገሩ ተናገሩ። ሁሉም ወንድሜን አዩት። በወላይታ ምድር ይህን ጥያቄ እምቢ ማለት ከባድ ነው። እኔ እምቢ እንዲል በሆዴ እየለመንኩት ነበር።

"ይቅር እለዋለሁ" አለ ሻንቆ። "መጀመሪያ ግን ቤት ያድርሰኝ። በሞተሬ። እንዳለች፣ ፍሬን ሳይኖራት።"

ቤታችን ከድልድዩ ማዶ ነው። ይህን የማያውቅ እዚያ አልነበረም።

"አይሆንም፣ ሁለታችሁም ትሞታላችሁ!" አሉ ጋሽ ገብረማርያም።

"በአንደኛ ማርሽ፣ ቀስ ብሎ ይውረድ። እኔ ከኋላው ነኝ፤ እሱ ቢገባ እኔም እገባለሁ። እኔ ደግሞ ቦታውን አውቀዋለሁ።"

ኤርካሎ ሽማግሌዎቹን አየ፤ ፊታቸውን አዞሩበት። እኔንም አየኝ። ሞተሯን አስነሳሁለትና መሪዋን ሰጠሁት፤ አሁን ተቀበለ። ሻንቆን ከኋላው አስቀመጥነው፤ ያ የማይታጠፍ እግሩ ወደ ጎን ተዘርግቶ ከሞተሩ ወጣ፣ ክራንቹን ጭኑ ላይ አጋደመ። ሄዱ።

በጣም ቀስ ከማለታቸው የተነሳ ሕዝቡ በእግሩ ተከተላቸው። እኔ ሰንጋዬን በገመድ እየሳብኩ ከፊት ነበርኩ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ሞተሯ እያጓራች ወደፊት መሳብ ጀመረች። ኤርካሎ ሁለት እግሩን መሬት ላይ ጣለ፤ ጠጠሩን እየጎተተ፣ አቧራ እያስነሳ ይወርዳል። ሻንቆ አገጩን ትከሻው ላይ አስደግፎ ጆሮው ሥር ይናገራል። ቀርቤ ነበርና ሰማሁት። ድምፁ የድሮ ድምፁ ነው፤ መንዳት ሲያስተምረኝ የነበረው፣ ትዕግሥተኛው ድምፅ።

"ፍሬን ያዝ ኢሻ" ይለዋል። "እዚህ ጋ ፍሬን ያዝ።"

ኤርካሎ ባዶውን እጀታ ይጨብጣል፣ ያለቅሳል።

"ጠበቅ አድርገህ ያዝ። እኔም እዚህ ጋ ነው ጠበቅ ያደረግሁት። ያዝ እንጂ።"

እስከ ድልድዩ ድረስ ይሄንኑ ነበር የሚለው። መታጠፊያው ጋ የኤርካሎ አንዱ ጫማ ወልቆ ቀረ፤ በባዶ እግሩ ጠጠሩን እየጎተተ፣ የእግሩ ደም መንገዱ ላይ እየተሰመረ፣ ወደ ግራ ታጠፉ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሌላ ሰው እፎይ ሲል እኔ መንገዱ ትንሽ ቢረዝም ብዬ ተመኘሁ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ሻንቆን አወረድነው። ኤርካሎ ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ እጁ እጀታውን አለቅም ብሏል። ወንድሜ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታለትና ግንባሩን ሳመው። "ይቅር ብዬሃለሁ" አለ፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሰሙት። ከዚያ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፣ ሁለቱን ሽቦዎች ተቀበለኝ፤ ወደ ቴሌቪዥን ቤቱ ገብቶ ከቴሌቪዥኑ በላይ ባለው ምስማር ላይ ሰቀላቸውና ተመልሶ መጣ።

"ነገ እሁድ ነው፤ ሻምፒዮናው አለ" አለው። "ፍርድ ቤት እስክትጠራ ድረስ እሁድ እሁድ አትቅርብኝ። ታርቀናል አይደል? ወንበርህን ማንም አይነካትም።"

ኤርካሎ በተከፈተው በር ወንበሩን አየ፤ ከወንበሩ ፊት ለፊት የተንጠለጠሉትን አየ። የታረቀ ሰው ምን ይላል?

እናቴ ሰንጋውን ከእጄ ተቀበለችኝና "አንቺስ፣ ታረቅሽ?" አለችኝ።

"ነገ እማዬ" አልኳት። "ጊፋታ ነገ ነው።"